እናቴን ወደ ውሃው የመራት ድምፅ

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር ነው። ልርሳው ብልም አይሆንልኝም። ምክንያቱም የምውለው ከውሃ አጠገብ ነው። ውሃ ስል ደግሞ ባሕር እንዳይመስላችሁ፤ በረሃ መሃል፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ያለ ውሃ ነው።

የምሠራበት ሆቴል ውስጡ የጣሊያኗን ቬኒስ አስመስሎ የተሠራ ነው። ጣሪያው ላይ ሰማይ ተስሏል። ድልድይ አለ፣ ጀልባ አለ፣ እየዘፈነ የሚቀዝፍ ሰው አለ። ውሃው ግን ከወገብ አያልፍም፤ ሰው የወረወረው ሳንቲም ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ በቁማር ማሽኖቹ መሃል እየዞርኩ፣ ማሽን ሲበላሽ ወይም ሰው ሲያሸንፍ የምጠራ ሠራተኛ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ካዚኖ የሚል ሰው የለም። «ሆቴል ነው የምሠራው» ነው የምንባባለው። የትኛው ሆቴል፣ የትኛው ክፍል ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ሁሉም ያው ነዋ!

እናቴ የምትኖረው ላስ ቬጋስ ዳር፣ ኢንተርፕራይዝ በሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ጋር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሆቴሉን ካላስጎበኘች እንቅልፍ አይወስዳትም። ቦዩን «የልጄ ውሃ» ትለዋለች፤ ከዳር ቁጭ ብላ ጣቷን ትነክራለች። ውሃ ማለት ለእሷ እሱ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም እንደዚያው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ከእውነተኛዋ ቬኒስ አጠገብ ይኖራል፤ ሥራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። እኔና እናቴ ልንጠይቀው ስንሄድ ያገኘው ፈቃድ ጥቂት ቀን ብቻ ስለነበር፣ ቬኒስን ያለ እሱ መጎብኘት ግድ ሆነብን። እዚያ ቱሪስቱ ሁሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ነው የሚዞረው። ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ወደ ግራ ሲለው ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ቁም ሲለው ይቆማል። በብዙ ቋንቋ አለ፤ በአማርኛ ግን የለም።

ወንድሜ ታዲያ እኛ ከመምጣታችን በፊት፣ በሐምሌ ሙቀት ከተማዋን በእግሩ እየዞረ፣ ለእናቴ ብሎ በራሱ ድምፅ በአማርኛ ቀድቶ አስቀመጠላት። ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ትልቅ ማዳመጫም ገዛላት። እናቴ ያን ነገር ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ስትታይ የአውሮፕላን አብራሪ ነበር የምትመስለው። ቅጂው የሚጀምረው «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ? ቦርሳሽን ከፊት አድርጊው፣ ሌባ አለ» በሚል ነው።

ያን ቀን ጠዋት እሱ ወደ ሥራ ገባ፤ እኛ በባቡር ሄድን። ከጣቢያው እንደወጣን፣ እናቴ ማዳመጫውን ገና ሳታደርግ፣ ረጅም ሳይረን ጮኸ። እያለቀሰ ቆየና ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ አስከተለ። እናቴ ደንግጣ ክንዴን ያዘች።

«ምንድነው እሱ?»

«ምንም አይደለም እማዬ። የሥራ መግቢያ ሰዓት ይሆናል።»

አስቤበት አይደለም እንዲህ ያልኩት። ጆሮዬ ለጩኸት የሞተ ነው። ሙሉ ሺፍት ሲንጫጩ ከሚውሉ ማሽኖች መሃል የሚሠራ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ደወል ዞር ካለ ያብዳል። ደወል ማለት ለእኔ የሆነ ሰው ቀንቶታል ማለት ነው።

ሰማዩ ዝቅ ብሎ ከብዷል፤ ዝናብ ግን ጠብ አይልም። ያም ሆኖ የአገሩ ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጓል። ባለሱቆች ጎንበስ ብለው በራቸው ሥር ሰፋፊ ብረት ይሰካሉ። በየመንገዱ ዳር ረዣዥም ጠረጴዛ የሚመስል ነገር ተደርድሯል።

«ድግስ አለ መሰለኝ» አለች እናቴ።

«ገበያ ሊተከል ይሆናል» አልኳት።

«ቦት ጫማውስ?»

«ፋሽን ነዋ!»

ስለ ቬኒስ እኔን ማን ሊነግረኝ! ዓመታት የሠራሁባት ከተማ አይደለች?

እናቴ ማዳመጫዋን አደረገች፤ እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ። ድምፁን የምትሰማው እሷ ብቻ ስለሆነች እኔ የሚደርሰኝ ትርፍራፊው ነበር። «ይሄ ግንብ ተጣሟል፣ ግን አይወድቅም ይላል ወንድምሽ» ትለኛለች። «በወረርሽኝ ጊዜ ሬሳውን በጀልባ ነበር የሚያጓጉዙት ይላል» ትለኛለች። በየመሃሉ ደግሞ ለቅጂው መልስ ትሰጠዋለች። «እሺ ልጄ። አየሁት፣ አየሁት።» መጀመሪያ ሳቄን ማፈን አቅቶኝ ነበር። እየቆየ ግን መንገዱ እየጠበበ፣ ሰውም እየሳሳ ሄደ። የምናገኘው ሰው ሁሉ በተቃራኒው አቅጣጫ በጥድፊያ ነው የሚሄደው።

መሃሉ ላይ በድንጋይ የታጠረ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ያለበት ትንሽ አደባባይ ደረስን። እናቴ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «እዚህ ጋ ጉልበትሽን አሳርፊ፣ እጠብቅሻለሁ ብሎኛል» አለችኝ። ወንድሜ እሷ እንድታርፍ ብሎ ቅጂው ላይ ረዘም ያለ ዝምታ ትቶላት ነበር።

ውሃውን ያየሁት ያኔ ነው። ከየትም ፈሶ የመጣ አይደለም። ከመሬቱ ንጣፍ ቀዳዳዎች ውስጥ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ቱቦ የፈነዳ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ግን ከወዲያኛው ቀዳዳም ይወጣል፤ ከግድግዳው ሥርም ይወጣል። ጥግ ላይ ያለ ሱቅ ከጫማ በላይ የሚጠለቅ የላስቲክ መሸፈኛ ይሸጣል። የእናቴን አንዱን ጆሮ ገለጥ አድርጌ «እማዬ፣ እዚሁ ቆዪኝ፤ ለእግራችን የሚሆን ነገር ገዝቼ መጣሁ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ሱቁ ውስጥ ሰልፍ ነበር። ገዝቼ ስወጣ አደባባዩ ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሸፍኗል፤ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይም ማንም የለም።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። ከግድግዳዎቹ የራሴ ድምፅ ተመለሰልኝ። ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን ሳጥን ውስጥ ነው የሚቆልፈው፣ አላነሳውም። ቅጂው ያለው እሷ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚመራት አላውቅም። እናቴ ደግሞ ጣሊያንኛ አትችል፣ እንግሊዝኛዋም ከሰላምታ አያልፍም።

ያኔ የሠራሁትን ስህተት ከሥራ ባልደረቦቼ በስተቀር ሌላ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። እኛ ሆቴል በየትኛውም ጠባብ መንገድ ብትገቡ ዞሮ ዞሮ ወደ ማሽኖቹ ይመልሳችኋል፤ እንግዳው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራው። እግሬም ያንን ነው የለመደው። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ በሚቀጥለው ጥግ ዞሬ አደባባዩ ላይ እንደምወጣና እናቴን ፊት ለፊት እንደማገኛት ምንም አልተጠራጠርኩም። መንገዱ ግን ጠበበ፣ ጨለም አለ፤ ከዚያ በቃ አለቀ። አጥር የለው፣ ምልክት የለው፤ ግድግዳው የሚያበቃበት ላይ ጥቁር ውሃ ነው ያለው። አንድ እርምጃ ቢቀረኝ ነው።

ግድግዳውን ይዤ ቆሜ ሳለ ነው «እሺ ልጄ፣ እሺ» የሚል የሰማሁት።

በዚያ በማላውቀው አገር አማርኛ! ቀና ስል እናቴ ከቦዩ ማዶ ናት። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ቅልጥሟ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆና፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች። የእግረኛ መንገዱ ተውጧል። የት ጋ አልቆ የት ጋ ቦዩ እንደሚጀምር ለማንም አይታይም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አመድማ ውሃ ነው። እሷ ግን ልክ «የልጄ ውሃ» ዳር እንደምትሄደው ተረጋግታ ነው የምትሄደው።

«እማዬ! ቁሚ! ባለሽበት ቁሚ!»

አትሰማኝም። ያ ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዋን ደፍኖታል። ቆመች፣ ግን በእኔ ጩኸት አይደለም። ወደ ቦዩ ዞረች። ቀኝ እግሯን አንስታ፣ ደረጃ የሚፈልግ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ታች ዳበሰች፤ አገኘችውና ወረደች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ደረሰ። እንደገና ዳበሰች፤ እንደገና ወረደች። የኮቷ ጫፍ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

መሃላችን ያለው ቦይ ድንጋይ ቢወረወር የሚሻገር ነው፤ እኔ ግን ዋና አልችልም። «ኢየሱስ!» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው በር ላይ ውሃ በባልዲ ያወጡ ነበር። ጩኸቴን ሰምተው ቀና አሉ። በአማርኛ «ያዟት! በናትዎ ያዟት!» አልኩ። ቃሉ ባይገባቸውም በእጄ ወደማመለክተው ዞረው ተመለከቱ። ባልዲውን ጥለው፣ ውሃውን እየሰነጠቁ ሄደው፣ ገና እግሯን ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳ ከኋላ የኮቷን አንገት ጨምድደው ሳቧት። ሁለቱም ተያይዘው ውሃው ውስጥ በቂጣቸው ተቀመጡ።

እናቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? «ሌባ!» ብላ በቦርሳዋ ራስ ራሳቸውን! እሳቸው አልለቀቁም። እየተደበደቡም ቢሆን ኮቷን እንደያዙ ከዳር አራቋት።

እኔ በድልድዩ ዞሬ ስደርስ ቤታቸው አስገብተው፣ የደረጃው ላይኛው እርከን ላይ አስቀምጠው፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሰጥተዋት አገኘኋቸው። እንግሊዝኛ ጥቂት ይሞክራሉ። ያ ቦታ ከጀልባ የሚወርዱበት ደረጃ መሆኑን፣ ከታችኛው እርከን በኋላ ምንም እንደሌለ በእጃቸው አሳዩኝ። እጃቸውን ወደ ታች፣ ወደ ታች እያደረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠዋት የሰማነው ሳይረንም ባሕሩ ሊሞላ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ጠረጴዛ የመሰለንም ውሃ ሲሞላ ሰው የሚረማመድበት መሆኑን ከእሳቸው ተረዳሁ። እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ። ከዚያ ባሻገር የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ውሃው ሲጎድል እስከ ባቡር ጣቢያው ራሳቸው አደረሱን።

ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። አላመነኝም። የእናቴን ስልክ ተቀብሎ ያንን ቦታ ፈልጎ ከፈተው፤ ሁለታችንም ቆመን ሰማን። «በቃ እማዬ፣ ተነሺ እንግዲህ» ይላል የገዛ ድምፁ፣ ደስ ብሎት። «ውሃውን በቀኝሽ አድርገሽ ሂጂ። ደረጃውን ስታገኚ እስከ ታች ውረጂና ቁጭ በይ፤ እግርሽን ውሃው ውስጥ ንከሪው፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ደስ ይላል። አትፍሪ። እኔ አለሁ።»

በሐምሌ፣ ውሃው ጎድሎ ድንጋዩ ሲደርቅ፣ እዚያው ተቀምጦ ነው የቀዳው። ፊቱ አመድ መሰለ። እናቴ እግር ሥር ተንበረከከ፤ እግሯን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ቅጂውን በሙሉ አጠፋው። እናቴ «ለምን ታጠፋዋለህ? ምን አጠፋ?» ብላ ተቆጣችው።

ላስ ቬጋስ ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሆነን፣ ሲያንገበግበኝ የከረመውን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ሁሉ ነገር ውሃ ሆኖ እያየሽ እንዴት ወረድሽ? የልጅ ጨዋታ መሰለሽ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ሬድዮውን ልከፍት ስል ተናገረች።

«ውሃውንማ አየሁት። ፈራሁም። ግን ወንድምሽ ከአገር ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ረጅም ሰዓት አውርቶኝ አያውቅም። ከጆሮዬ ካነሳሁት ያልቅብኛል ብዬ ነው።»

መኪናውን ዳር ይዤ ፓርክ አደረግሁ። መንዳት አልቻልኩም። ከውሃውም ከዚያ ከጨለመው መንገድም ይልቅ አሁን ድረስ አንጀቴን የሚበላኝ ይህ መልሷ ነው። እሷን ብናጣት ኖሮ የምናጣት በዚህ ምክንያት ነበር።

ለወንድሜ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ይደውልልኝና «እማዬ ደህና ናት?» ይለኛል፤ «ደህና ናት» እለዋለሁ፤ ሰላም በያት ብሎ ይዘጋል። ሰላም እላታለሁ። እሷም «ምን አለ? ሌላስ ምን አለ?» ትለኛለች፤ የምጨምርላት የለኝም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ለእኔ አትደውል። ለእሷ ደውል፤ ቶሎም አትዝጋ።