ለረይሃና የተቆረጡ ሌንሶች

ጅማ ውስጥ የፀሐይ መነጽሩ የተሰበረበት ወይም የተጫረበት ሰው ቦሳ አዲስ ሰፈር ወዳለው የፋሂም ሱቅ ይሄዳል። ፋሂም ፍሬሙን ካርቶን ላይ አስቀምጦ የውስጥ ጠርዙን በእርሳስ ይከተላል። ካርቶኑን ቆርጦ ፍሬሙ ውስጥ ይገጥምና ይሞክረዋል። ልክ ከመጣለት በዚያው ልክ ሌንሱን ከፕላስቲክ ዝርግ ላይ በቀጭን መጋዝ ያወጣል፤ ዳሩን በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቀለሙ የሚወጣው ከድስት ነው። ጥርት ያለው ሌንስ በሞቀ ቀለም ውስጥ አምስት ደቂቃ ቢነከር የማር መልክ ይይዛል፤ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ከሰል ይመስላል።

የባጃጅ ሾፌሮች ሰማያዊ ይወዳሉ። ከሊሙ ገነት የሚመጡ የቡና ነጋዴዎች ቡኒ ያዛሉ። የኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ ጥቁር ካልሆነ አይሆንላቸውም።

«ጋሼ፣ ማንም እንዳያውቀኝ አድርገው ያጥቁሩልኝ» አለው አንዱ።

«ምነው፣ ውጤት ተለጠፈ እንዴ?»

ፋሂም እንዲህ ነበር። እጁም አፉም አይቦዝኑም።

ሚስቱ ረይሃና በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ለውጭ ገበያ ከሚሄደው ቡና ላይ የጠቆረውን፣ የተበሳውንና የተሰበረውን ፍሬ በእጅ ለቅሞ ማውጣት ነበር። ይህ ሥራ ከዓይን በቀር መሣሪያ የለውም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር፣ ቀኝ ዓይኗ ቀልቶ ወደ ቤት መጣች።

«የመጋዘኑ በር ሲከፈት ብርሃኑ እንደ በርበሬ ያቃጥለኛል።»

«አቧራው ነው» አለ ፋሂም። «ቆይ፣ እኔ አለሁልሽ።»

ሦስት ቀለም ሞክሮ የማር መልኩን መረጠላት። ብርሃኑ በረደላት። ከዚያም በላይ፣ በዚያ ሌንስ ሲታይ ጥቁሩ ፍሬ ከጤነኛው ተለይቶ ይወጣል። «ራሱ ነው ነይ አንሺኝ የሚለኝ፣ ወላሂ» አለችው። እንደ ልጅ ደስ አለው።

አጠገቧ የምትቀመጠው ሙሉእመቤት አላስቀመጠቻትም።

«እሰይ የኔ ሙሽራ! ቡና ልትለቅሚ ነው ወይስ ቪዲዮ ልትቀረጪ?»

«ባሌ ሠራልኝ። አንቺም ባልሽን ላኪውና ይማር።»

«የኔ ባል? እንኳን መነጽር፣ የሸሚዙን ቁልፍ አይተክል!»

በሳቁ መሐል ግን ሙሉእመቤትም አዘዘች። በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ለቃሚዎች የማር ቀለም መነጽር አደረጉ። ፋሂም በሥራ ዘመኑ እንደዚያ ወር ኮርቶ አያውቅም።

በመጋቢት ሕመሙ ተመለሰ። ፋሂም ሌንሱን አወለቀና ጠቆር ያለ ቆረጠላት፤ በሁለት ሳምንት ተሻላት። በነሐሴ እንደገና መጣ፤ እንደገና አጠቆረው፤ እንደገና ተሻላት። ሕመሙ በራሱ ጊዜ የሚመጣ፣ በራሱ ጊዜ የሚሄድ መሆኑን ማን ነግሯቸው? ሲሄድ ሌንሱ አስኬደው አሉ። አጋሮ ያገባችው ልጃቸው ሩፈይዳ ለዒድ መጥታ የእናቷን ዓይን አየች።

«አባ፣ እማን ለምን ሐኪም አታሳያትም?»

«ሐኪም ምን ሊሰጣት ነው? መነጽር አይደል?»

ረይሃናም ሳቀች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ሄደ። ባለፈው ግንቦት የረይሃና ጆንያ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ ጥቁር ፍሬ በዝቶበታል ተባለ። ሱቁ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ይሄኛው በጣም ጨለመብኝ መሰለኝ። ትንሽ አቅልለው።»

ፋሂም አሮጌዎቹን ሌንሶች አውልቆ ለአዲሶቹ ልክ ወሰደ። የግራውን ካርቶን ቆርጦ ገጠመው፤ የቀኙን ገና አልጀመረም። ፍሬሙ አፍንጫዋ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማየት እንዳለ አጠለቀላት። በግራ በኩል ዓይኗን የሚጋርድ ካርቶን አለ። በቀኝ በኩል ምንም የለም፤ ክፍት ነው።

ረይሃና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

«ኧረ ይሄማ ባሰ፣ የሩፈይዳ አባት! ምንም አይታየኝም እኮ። አቅልለው አልኩህ እንጂ አጥቁረው አልኩህ?»

የምትቀልድ መሰለው። እጁን አንስቶ በቀኝ ዓይኗ ፊት አወዛወዘ። ዓይኗ አልተከተለውም። ቀስ ብሎ አንድ ጣቱን እስከ ሽፋሽፍቷ አስጠጋ፤ አልተርገበገበችም። ሁለቱም ዓይኖቿ ክፍት ሲሆኑ ግራው ለሁለት ያይ ስለነበር እሷም አላወቀችም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

መነጽሩን አወለቀላትና ሱቁን ዘጋ።

ከብዙ ምርመራ በኋላ፣ በሰኔ፣ የዓይን ሐኪሟ ሰናይት ፋሂምን ለብቻው ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር ጠራችው። ሌላ አገር ተወልዳ ጅማ የተማረች ወጣት ናት። አሮጌዎቹ ሌንሶች የተመለሱበት ያ ጥቁር መነጽር እጇ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን የት ነው ያሠሩላቸው? ሥራው በጣም ንጹሕ ነው።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ሐኪሟ መነጽሩን አጠፈችው። ሕመሙ ዓይን ውስጥ ያለ ብግነት መሆኑን፣ ብርሃን የሚያሳምመውም በዚያ ምክንያት መሆኑን አስረዳችው። የቀኙ አብቅቶለታል። ግራውም ተጎድቷል፤ በጠብታ ያለውን ያህል ለማቆየት ይሞከራል።

«መጀመሪያ ላይ ብንመጣስ?»

«መጀመሪያ ላይ ብትመጡ ሁለቱንም ማትረፍ የምንችል ይመስለኛል። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ሐኪም አይደሉም።»

ፋሂም ይህን ለረይሃና አልነገራትም። «ጠብታ አዘዙልሽ» ብቻ አላት። ክረምቱ ሳይወጣ የግራውም ደክሞ ጥላና ቅርጽ ብቻ ወደ ማየት ወረደ። ሥራዋን ተወች። ቦሳ ኪቶ ወዳለው ቤታቸው ሊጠይቃት የሚመጣውን ሁሉ የምታጽናናው እሷ ነበረች። «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው፤ አልሃምዱሊላህ» ትላለች። ሙሉእመቤት ስታለቅስ «ተይ እንጂ! ሃያ ሁለት ዓመት ጥቁር ፍሬ ያየሁት አይበቃኝም?» ብላ ታስቃታለች። ፋሂም ጥግ ይዞ ይሰማል። ሱቁ ውስጥም ጥቁር ሌንስ የሚያዝ ሰው ሲመጣ «ቀለም አልቋል» ማለት ጀመረ።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ፣ አልቻለም።

«ረይሃና፣ ሐኪሟ የነገረችኝ ነገር አለ። ያኔ መጀመሪያ ላይ ብንሄድ ዓይንሽ ይተርፍ ነበር አለች። በሌንስ ያቆየሁሽ እኔ ነኝ።»

ረይሃና ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች።

«መቼ ነው የነገረችህ?»

«በሰኔ።»

«አራት ወር ዝም ብለህ ዛሬ ምን አናገረህ?»

«ከበደኝ።»

«እሺ፤ አሁን ቀለለህ?»

ፋሂም ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ቀለም ይፍቅ ጀመር።

«እኔ እኮ ከአላህ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከአላህ ሲሆን ይቻላል። ሌሊት እተኛ ነበር። አሁን አንተ መጥተህ ከኔ ነው አልከኝ። ካንተ ሲሆን እንዴት እንደሚቻል ንገረኛ!»

«አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«እሱን ቆይተህ ትጠይቀኛለህ። ዛሬ አትጠይቀኝ።»

ከመስጊዱ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ረይሃና ዉዱእ ለማድረግ፣ ለሶላት ልትታጠብ ተነሣች። ፋሂምም ተነሥቶ እንደ ሌላው ቀን እጇን እንድትጥልበት ትከሻውን አስጠጋ። ትከሻውን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው።

«ተወኝ።»

ግድግዳውን እየዳሰሰች እስከ በሩ ሄደች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ደረጃው አንድ ብቻ ነው፤ ግን የት ላይ እንደሚጀምር አላወቀችም። እግሯን ወደ ፊት ሰደደችና መለሰችው። እንደገና ሰደደችው። ፋሂም «ትንሽ ወደ ግራ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። በሦስተኛው እግሯ መሬቱን አገኘ። ወረደችና ብቻዋን ግቢው ውስጥ ወዳለው ውኃ ሄደች።