አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፍኩት ኒያላ

ከሮቤ ሻሸመኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ዲንሾ አካባቢ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ «ያውና ኒያላ!» እያለ መስኮት ላይ ይረባረባል። እኔ አንድም ቀን ዞሬ አላየሁም። ሾፌር የሚያየው መንገዱን ነው፤ ሰው ሳላቆስል መሪውን ያስረከብኩትም ለዚህ ነው። ያስረከብኩት ባለፈው ወር የግራ ዓይኔ ሲደክም ነው። ሐኪሙ «ቀኙም ብዙ አይቆይም» አለኝ። ታዲያ እሱም ሳይከዳኝ ኒያላን በዓይኔ በብረቱ ለማየት ቆርጬ ተነሣሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሮቤ መናኸሪያ

ጋቢና ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በቀለ ሥራውን ከእኔ የተማረ ነው። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» እያለ ሳቀብኝ።

ሒሳብ ልክፈል ብል ረዳቱ አሻፈረኝ አለ። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ ይህንንም ገና ዛሬ ልብ አልኩት።

ሦስት ሰዓት፣ ዲንሾ

አስጎብኚዬ ከድጃ የዚሁ አገር ልጅ ናት።

«አከም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ጋሼ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴስ ደህና ነው። የምፈራው ዓይኔን ነው።»

ደኑ ትንሽ ነው፤ የእግር መንገዱ በግማሽ ቀን ተዙሮ ያልቃል። ከጥዱና ከኮሶው ቅርንጫፍ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። እኔ ከፊት ከፊት ገሰገስኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከኮቴ በቀር ምንም አላየሁም፤ ተስፋዬም ተሟጠጠ። ከድጃ ቆመች።

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ እርስዎ መንገዱን ብቻ ነው የሚያዩት። ሦስት ጊዜ አልፈናቸዋል።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«በእጄ አመለከትኩ፣ አልዞሩም። እዚህ ደግሞ አይጮህም።»

አፈርኩ። የወደቀ ግንድ ላይ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እንድቀመጥ አደረገችኝ።

«ሱታ፣ ቀስ ብለው ይዩ። መንገዱን ለእኔ ይተዉት።»

ቆየሁ። ከኮሶው ሥር ጉቶ ነው ያልኩት ነገር ጆሮውን አራገበ። ወንድ ኒያላ ነበር፤ ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ላይ የወጣ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት። እሱም አየኝ። እንባዬ መጣ፤ ዓይኔን እንዳይጋርደኝ ቶሎ ጠረግሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ሮቤ

ሻይ በዳቦ ስጠጣ ቆይቼ፣ በቀለ ከሻሸመኔ ሲመለስ አነሣኝ። ከዲንሾ ወጣ እንዳልን ከኋላ «ኒያላ!» ተባለ። የበቀለ አንገት ወደ ማሳው ዞር ሊል ሲቃጣው አየሁ።

«አንተ! መንገድህን እይ፤ እኔ አይልሃለሁ!»

አየሁለት። «አራት ሴት፣ አንድ ወንድ። ወንዱ ቀና አለ፣ አሁን ወደ ደኑ ተመለሰ» እያልኩ ነገርኩት።

ሮቤ ደርሰን በቀለ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ አይቼው አላውቅም።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ «አየኸው?» አለች። «አየሁት» አልኳት። መንገድ ማየትና አገር ማየት ለየቅል መሆናቸውን የተማርኩት መሪውን ካስረከብኩ በኋላ ነው። ሌላው ግን እንደኔ መቆየት የለበትም። ለከድጃ ደውዬ በቀለ ዕረፍት በሚወጣበት እሁድ ሁለት ሰው ጠብቂ አልኳት።