ከሰባት ቤት ቆጠራ የጎደለው

የሸዋ ሰው ዘሩን ያውቃል ይባላል። አያውቅም። የሚያውቀው ስም ነው።

ልጄን ስድር ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ አረጋገጡ። እኔም አንድ ስም ሳላዛንፍ በመቁጠሬ ስኮራ ሰነበትኩ። በኋላ ልጄ የመጀመሪያዋን አረገዘችና ደብረ ብርሃን ለክትትል ይዣት ሄድኩ። አዋላጅ ነርሷ ግፊቷን ለክታ፣ «ከቤተሰብ በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ያመመው ሰው አለ?» አለች።

«በእናቷ በኩል የለም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«በእርስዎ በኩልስ ጋሼ? እናትዎ?»

«እኔ ወንድ ነኝ።»

«ወንድም ያወርሳል» አለች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰውዬ እናቴ እኔን እንዴት እንደወለደችኝ አላውቅም። እሷ ደግሞ አርፋለች። ስለዚህ አንኮበር ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ደጃፏ ላይ የባቄላ እሸት ትፈለፍል ነበር። ጥያቄዬን ስትሰማ ወደ ውስጥ አስገብታኝ በሩን ዘጋች።

«ያን ሰሞን ፊቷም እጇም አብጦ ነበር። ምጥ ላይ ሳለች ጣላት፤ አረፋ ደፈቀች። ስለት ተሳልን፣ እግዜር አተረፋት።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ዘራቸው የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ እህቶችህን ማን ያግባልን?»

«እህቶቼ እኮ የልጅ ልጅ አይተዋል!»

«ይሁና! የልጅ ልጆቹስ አይዳሩም?»

ለካ የምንቆጥረውም የምንደብቀውም ለጋብቻ ኖሯል።

ተመልሼ ለነርሷ የሰማሁትን ብነግራት፣ «ይህ የሚጥል በሽታ ሳይሆን የእርግዝና ደም ግፊት ያመጣው ይመስላል» አለች። ልጃችን የግድ ትታመማለች ማለት እንዳልሆነም አብራን ለመጣችው ባለቤቴ አስረዳቻት። ሐኪሙ ለመከላከያ አስፕሪን አዘዘላት፣ ቀጠሮዋም ተቀራረበ። በመጨረሻው ወር ግፊቷ እውነትም ከፍ አለ፤ ግን ሲጠብቁት ስለነበር ወዲያው አስተኝተው በመድኃኒት ያዙትና አዋለዷት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ በአጠገቤ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ታለቅሳለች። እኔን ግን ደስ ይለኛል።

አክስቴ ለክርስትናዋ መጥታ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ «አደራ፣ ያንን ነገር ለማንም እንዳታወራ» አለችኝ።

ይኸው አወራሁ። እናንተም ዛሬውኑ እናታችሁን «እኔን ስትወልጂ ምን ሆነሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንዶች፣ እናንተን ነው የምለው።