የጄቷን ወንበር ቀይ የቀባሁ ዕለት

አምና አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ እኔ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ አንቀው ሊገድሉኝ ነበር። ቀልዴን አይደለም... ጀርባዬን ከአይሱዙ በር ጋር አላትመው፣ ሁለት አውራ ጣታቸውን ጉሮሮዬ ላይ ተክለው፣ እግሬ መሬት ፍለጋ ይወራጭ ነበር።

ምክንያቱ ደግሞ ክንዴን የማታክል የፕላስቲክ ጄት ናት። ዓመት ሙሉ ደብቄው ነበር፤ አሁን የምጽፈው ሽማግሌው ራሳቸው ጻፈው ስላሉኝ ነው።

የማታውቁኝ ካላችሁ መኪና ቀቢ ነኝ። እዚህ ከተማ እኔ ያልቀባሁት መኪና ካለ ገና ያልተጋጨ ነው። ማንበብና መጻፍም በማታ ትምህርት ዘንድሮ ጨርሻለሁ፤ ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ድሮ የምትጽፍልኝ የጋራዡ ገንዘብ ያዥ ነበረች፣ ጉራዬን ግማሹን ትቆርጥብኝ ነበር።

ሽማግሌው ጋሽ አያሌው ይባላሉ፣ በወጣትነታቸው የጦር ጄት መካኒክ ነበሩ። ጄቷ ተበታትና በካርቶን መጣችላቸው፣ በማጣበቂያ ገጣጠሟትና ቀባልኝ ብለው አመጡልኝ። በጦርነት ጊዜ የሞተ አብራሪ ጓደኛ ነበራቸው፤ ጄቷ እሱ ያበራት የነበረችው አምሳያ ናት። እሁድ ሙት ዓመቱ ስለሆነ ሉማሜ ከተማ ሻይ ቤት ላላቸው እህቱ፣ ለእትዬ ጥሩወርቅ፣ ሊወስዱላቸው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በርራ ስትመለስ እንደነበረችው አድርግልኝ አሉኝ። እንዴት ሞተ ብዬ ብጠይቃቸው ወሬውን ወደ ቀለሙ መለሱት።

እኔ የማውቀው ማብረቅረቅ ነው፤ መስታወት አስመሰልኳት። ተቆጡ። የምትሠራ ጄት እንዲህ አትጸዳም ብለው ዘይቱ የሚንጠባጠብበትን፣ ጥቀርሻው የሚጋገርበትን፣ የመካኒክ ጫማ ቀለሙን የሚልጥበትን በጣታቸው አሳዩኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከታየኝ አለቀ... ብርማ ቀለም ቀባሁ፣ እርጥብ ጨው በተንኩበት፣ ከላይ አረንጓዴውን ረጨሁና ሲደርቅ ጨውን ፋቅኩት። ቀለሙ በዕድሜ የተላጠ መሰለ። ከአይሱዙው ጭስ ማውጫ፣ ከማርሚታው፣ ጥቀርሻ ፍቄ ጭራዋን አጠቆርኩት። የትምህርት ቤት እርሳሴን ፈጭቼ የክንፏን ጠርዝ አሸሁት፣ ብረት ሆነ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ አንገቴ በሰላም በኖረ።

ዓርብ ከሰዓት ግን ከጦርነት የመጣች ጄት እንዴት ሳትመታ ትመለሳለች አልኩ። ሚስማር አጋልኩና ከአብራሪው መስታወት ሥር፣ በግራ በኩል፣ ሦስት ቦታ በሳኋት። ፕላስቲኩ እየጨሰ ሲቀልጥ በአፌ እየተኮስኩ ነበር። አልበቃኝም። አስተማሪዬ ኤክስ የሚያደርግብኝ ዓይነት ቀይ እስክሪብቶ ሰብሬ ቀለሙን ወንበሩ ላይ አፈሰስኩት፣ በመርፌ ጫፍም መስታወቱን ከውስጥ በኩል አስነካሁት፤ ሰው በደም በተነከረ ጣቱ የዳበሰው እንዲመስል። ሦስቱ መካኒኮቻችን መጥተው አዩና አጨበጨቡልኝ።

ቅዳሜ ጋሽ አያሌው መጡ። ጭራዋን አዩና ፈገግ አሉ።

«እሷው ናት» አሉ።

ከዚያ ወደ መስታወቱ አዞሯት። እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው የመኪና ኮፈን ላይ አስቀመጧት። ቀጥሎ የማስታውሰው ጭንቅላቴ ከበሩ ጋር ሲጋጭ ነው።

«ማን ነገረህ?»

ምላሴን ነክሼው አፌ ደም ሞልቷል። ደግመው አላተሙኝ።

«ግራው መሆኑን ማን ነገረህ? ያን መስታወት የከፈትኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

መካኒኮቹ ሊያላቅቁን ተረባረቡ፤ አንዱን በክርናቸው አፍንጫውን አደሙት። ዓይኔ ላይ ጨለማ እየወረደ በቀረችኝ ትንፋሽ፣ «ከጭንቅላቴ ነው ጋሼ... ማንም አልነገረኝም» አልኩ።

ለቀቁኝ። እኔ ጎማ ላይ ወደቅኩ፣ እሳቸው የስቱኮ ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው ቀስ እያሉ ነገሩን። ጓደኛቸው ሰማይ ላይ ተመታ፤ ደሙ እየፈሰሰ ጄቷን በራሱ እጅ አሳረፋት። እሳቸው መሰላል ወጥተው መስታወቱን ሲከፍቱ አልቆለታል። ሌላ ሰው ሳይደርስ ሸሚዛቸውን አውልቀው ወንበሩን አጠቡት። ለእትዬ ጥሩወርቅ ግን ሆስፒታል ውስጥ እንቅልፍ ላይ እያለ ነው ያረፈው አሏቸው። ይኸው ስንት ዘመን፣ ለቅሶ ቤት በተቀመጡ ቁጥር የእኔስ ወንድም ተኝቶ ነው ያለፈ እያሉ የሚጽናኑት በዚያ ነው።

ነገ እሁድ ነው። እኔ ያንን ወንበር ቀይ ቀብቼዋለሁ።

አልኮልና ጥጥ አመጣሁላቸው። ጥጡን ነክረው ወደ ወንበሩ አስጠጉ... እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ጥጡን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩት።

«አንተ አጥፋው» አሉኝ፤ «እኔ አንዴ አጥቤዋለሁ።»

አጠፋሁት። የበሳሁትን በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ጨውም ጥቀርሻም እንደገና። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩ፤ እስክጨርስ ከአጠገቤ አልተነሱም።

እሁድ አብረን እንሂድ አሉኝና ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ዘንድሮ አረፉ፣ ጄቷን ጭናቸው ላይ አድርገው መስታወቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«እዚህ ነበር የሚቀመጠው?» አሉ።

«እዚህ ነበር» አሉ ጋሽ አያሌው።

እትዬ ጥሩወርቅ ጎንበስ ብለው መስታወቱን ሳሙት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። የጋሽ አያሌው ጣቶች ምልክት እንዳይታይ አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ ነበር።

«ጉንፋን ያዘህ እንዴ ልጄ?»

«አዎ እትዬ።»

ጉራ የሌለበት የመጀመሪያ ውሸቴ እሱ ነው።