በሾርባ ሳህን የተሰበሰበው ድምፅ

በባሕር ጠረፍ ያለችው ትንሿ ከተማችን ጌሼ ታመንን መጀመሪያ ያወቀቻት በአዋላጅነቷ ነው። በሆስፒታላችን ሃያ ዓመት ስታዋልድ ኖራ የከተማው ምክር ቤት ገባች፤ ከዚያ ሃኖቨር ላለው የክልሉ ምክር ቤት ተመረጠች፤ በመጨረሻም የፓርቲያችን የክልል ሊቀ መንበር ሆነች። እኔ የከተማችን ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነኝ። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር የሚያሟት እንደበዙ አልደብቅም፤ ፊቷ ላይ ግን ሁሉም ፈገግ ይላል።

ጥር ላይ ፓርቲያችን መንግሥት ለመመሥረት ከሌላ ፓርቲ ጋር መጣመር ግድ ሆነበት። የስምምነቱ ሰነድ የኛ ማዋለጃ ክፍል ይዘጋል ይላል። ጌሼ ደግሞ አይዘጋም ብላ በምርጫው ሰሞን ቃል ገብታልናለች። ደብዳቤ ልካ መገላገል ትችል ነበር። እሷ ግን እሑድ ከምሳ በፊት ራሷ ወደ ቅርንጫፋችን ስብሰባ መጥታ፣ እናንተ ካልፈቀዳችሁ አልፈርምም፣ ወንበሩንም እለቃለሁ አለችን። የኛ አገር ሰው ግትርነት እንዲህ ነው፤ ያናድደኛል።

ሐኪም መጥፋቱን፣ የሚወልዱት መቀነሳቸውን አስረዳች። ንግግር ሲጥመን ጠረጴዛውን በጣታችን አንጓ ማንኳኳት ልማዳችን ነው። ያን ቀን ማንም አላንኳኳም። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኦኖ ብቻ ተነሣ።

«ጌሼ፣ የልጅ ልጄ ልትወልድ ነው። የት ትሂድ?»

«ኤምደን ሆስፒታል። በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ነው።»

«ጭጋግ ሲሆንስ?»

ጌሼ ወረቀቱ ይታደል አለች።

ትፈርም ወይስ አትፈርም በሚለው ላይ ድምፁ በምስጢር ተሰጠ፤ ወረቀቱን በባዶ የሾርባ ሳህን ሰበሰብን። ጌሼ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የምትጽፈውን ማየት አልነበረብኝም፤ ግን አየሁ። «አይሆንም» ብላ ጻፈች። አሥራ ስድስት ሰው ደገፈ፣ አሥራ ሰባት ተቃወመ።

በማግስቱ ወንበሯን ለቀቀች። ተተኪዋ ሳምንት ሳይሞላው ፈረመ። ማዋለጃው በተዘጋበት ቀን ጌሼ፣ ኦኖና እኔ በሩ ላይ ቆመን ነበር። ኦኖ እንደተበሳጨ ነው።

«እኔ እኮ ደግፌሽ ነበር» አላት። «ብቆጣሽም የኛው ልጅ ነሽ። ያ አንድ ከሃዲ ባይኖር ዛሬም ሊቀ መንበር ነበርሽ። ምን አተረፈ? በሩ እንደሆነ ያው ተዘጋ።»

ጌሼ ከበሩ ዐይኗን አልነቀለችም።

«ያንን ሰው አትርገመው፣ ኦኖ። እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቷል።»

ኦኖ ገባው። ኮፍያውን አወለቀና ክንዷን ይዞ ቆመ።