የወንድሜ ቀኝ ጎን

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ዴንቨር፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በበረዶው ወራት ፊቱን የሸፈነ ሰው ገብቶ ሽጉጥ ደቀነበት። ያለውን ሰጠው፤ ሰውየው ወጥቶ ሄደ። አንድም ጭረት አልነካውም። ከዚያ ወዲህ ግን ስልክ ላይ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ደወለ። እኔ ካናዳ፣ ካልገሪ ነው የምኖረው፤ ከቤተ መጻሕፍት እየተመለስኩ ዋይትሆርን ባቡር ጣቢያ ቆሜ ነበር።

«እቴ፣ አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ አይደል? አንድ ነገር አንብቢልኝ።»

ደስ አለኝ። ትምህርቴን የጨረስኩት ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ነው፤ በቤተሰባችን ውስጥ አንብበሽ ምከሪኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ኮሌጅ ሊገባ መስሎኝ ነበር።

«ሽጉጥ ልገዛ ነው። በልብስ ሥር የሚያዝ፣ ፈቃዱንም አውጥቻለሁ። ኮምፓክቱን ልውሰድ ወይስ ፉል ሳይዙን? ሻጩ አንዱን ይላል፣ ጓደኞቼ ሌላውን ይላሉ፣ ኮንፊውዝድ ነኝ።»

«ሽጉጥ አትግዛ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ጀስት ትንሹን ወይስ ትልቁን በይኝ።»

አውቀዋለሁ። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይጠይቃል። እዚህ ካልገሪ እንዲህ ያለ ነገር ለተራ ሰው የተፈቀደ አይደለም፤ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስፈልግ ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው። ያነበብኩትን ሁሉ በሥርዓት ያዝኩት። ትንሹ በደንብ ይደበቃል፤ ግን እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች፣ ሲተኮስም እጅ ላይ ይዘላል፣ ማነጣጠር ይከብዳል። ትልቁ እጅ ላይ ይደላደላል፣ ብዙ ጥይትም ይይዛል፤ ግን ይከብዳል፣ ሲቀመጡ ጎን ይወጋል፣ ጎንበስ ሲሉ በሸሚዝ ላይ ቅርጹ ይወጣል። ጸሐፊዎቹ ስለ ሸሚዝ ስፋትና ስለ መኪና ወንበር ሳይቀር አስበዋል። ስለኛ ሰላምታ ግን ያሰበ የለም። ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ሳይታቀፍ የሚገባ ሰው የለም። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ፤ እናቶች ደግሞ ወገብ ይዘው ከስተሃል ወፍረሃል ይላሉ። ከነሱ እጅ ምን ይደበቃል?

ደወልኩለትና «ትልቁን» አልኩት። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሁሉም እውነት ነበሩ። አንዱን ግን ዋጥኩት፦ ይከብደዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ቤት ጥሎት ይወጣል ብዬ ነበር።

«ቲቸር ሆነሻል በቃ!» ብሎ ሳቀ። ገዛው።

በጋው ሲገባ እናታችንን ሊያይ በመኪና እንደሚመጣ ነገረኝ። እናታችን የምትኖረው ከኔ ጋር ነው፤ ስለ ሽጉጡ አታውቅም። ይዞት ድንበር ቢሻገር እስር ቤት እንደሚገባ ደጋግሜ ነገርኩት።

«እብድ መሰልኩሽ እንዴ? ቤት ቆልፌበት ነው የምመጣው።»

መጣ። ጠባብ ልብስ የሚወደው ልጅ ሰፊ ሸሚዝ ሱሪው ላይ ለቆ ከመኪናው ወረደ። እናቴ በነጠላ ጫማዋ ደረጃውን ወርዳ እጆቿን ዘረጋች። እሱ ዞር አለ። ግራ ትከሻውን ሰጣት፤ ቀኝ ክርኑን ጎኑ ላይ አጣብቆ ወገቡን ወደ ኋላ አሸሸ። እኔንም እንደዚያው አቀፈኝ።

ምሳ ላይ ማንኪያ ወደቀበት። ጎንበስ አላለም፤ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ በጉልበቱ ወረደና አነሳው። ቅርጹ በሸሚዝ ላይ እንዳይወጣ እንዲህ መውረድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በስልክ ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

«ዘይት አልቆብኛል፣ እስቲ ሰንሪጅ ገበያ ድረስ ንዳኝ» አልኩት፣ ብቻውን ላገኘው።

«ገና አሁን ደርሶ! ተይው ይብላበት!» አለች እናቴ። ወደ እሱ ዞረች። «አንተ፣ ጎንህን ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም አትበለኝ። ሳቅፍህ ሸሸኸኝ እኮ። ወድቀህ ነው?»

ጉርሻውን ዋጠ። «ትንሽ ያመኛል» አለ።

ይህን ማለት አልነበረበትም። እኛ ዘንድ አሞኛል ላለ ሰው ያመመው ቦታ ላይ እጅ ተጭኖ ይጸለያል፤ እናቴ ደግሞ ፈቃድ አትጠይቅም። እጇን ታጥባ መጣች።

«ተነሥ።»

«እማዬ፣ በኋላ...»

«ተነሥ አልኩህ! ጸሎት ቀጠሮ አለው እንዴ?»

አየኝ። አየሁት። ተነሣ። የእናቴ እጅ በሸሚዙ ላይ ወደ ቀኝ ወገቡ ሄደ። ሌላ ጊዜ ለጸሎት ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ያን ቀን አልቻልኩም። መዳፏ ተጫነ፤ ሸሚዙ ገባ፣ ገባ፣ አጥንት ላይ ቆመ።

ምንም አልነበረም።

እናቴ ሕመሙን እየገሠጸች ረዘም አድርጋ ጸለየች። ወንድሜ ክርኑን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ግን ክርኑ ሳያስበው ተመልሶ ይወርድና እጇ ላይ ያርፋል። ታነሣዋለች። እንደገና ይወርዳል። «አሜን» አልኩ።

ሳህን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «አልያዝኩም ብዬሽ ነበር እኮ።»

«አየሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ያስፈራሻል?»

ሳህኑን ማጠብ ቀጠልኩ። ይከብደዋል ብዬ የመረጥኩለት ነገር ለካ አልከበደውም፤ ቤት ቆልፎበት መጥቶ እንኳ ጎኑ ይሸከመዋል።

የሚመለስ ቀን እናቴ መኪናው ድረስ ሸኘችው። «ጎንህስ ልጄ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«ተሻለኝ እማዬ» አለና ግራ ትከሻውን ሰጥቶ አቀፋት።