ለሁሉም የታየው የሐዋ ስም

ዛሬ ጠዋት የስኳር ክትትል ከማደርግበት ክሊኒክ ኢሜይል ደረሰኝ። የቀጠሮ ቀን መለወጡን ለመንገር አርባ ታማሚ በአንድ መስመር ደርድረዋል፤ ስማችን ከነአድራሻችን ለሁላችንም ይታያል። የጎረቤቴንም ስም እዚያ አየሁት። ለካ ሰውዬው እኛ ቤት ሲመጣ ሻዩን ስኳር አብዝቶ የሚጠጣው ሕመሙን ለመደበቅ ኖሯል! በክሊኒኩ ደሜ ፈላ።

ከዚህ በፊት እንዲህ የተናደድኩት ወጣት ሳለሁ ነው። ከድሬዳዋ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ሄጄ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ባለ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ አቧራ እያስገባ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ያለብሳቸዋል። ከአገሬ ልጅ ከሐዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ጠዋት ጠዋት ላሖህ የሚሉትን ስስ እንጀራ በማርና በቅቤ በልተን፣ መንገዱን በሞሉት ፍየሎች መሀል እየተሹለከለክን ወደየሥራችን እንሄድ ነበር። እሷ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። አሠሪዋ ሐጂ ሌላ ሥራ የሚያይ ሠራተኛ አይወዱም፤ የመኖሪያ ፈቃዷም በእሳቸው ዋስትና ነበር። ስለዚህ እኛ ዘንድ ለመምህርነት ያመለከተችው በምስጢር ነው።

ለአመልካቾቹ የፈተና ጥሪ በኢሜይል ስጽፍ ኃላፊያችን ጋሽ ኢስማኢል አጠገቤ ቆሙ። ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ከትምህርት ቤቱ ለሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ለሰፈሩ ትልልቅ ነጋዴዎች ግልባጭ ማድረግ ልማዳቸው ነበር፤ የቀረ ሰው ይቀየማቸዋል። ከነጋዴዎቹ አንዱ ሐጂ ናቸው።

«ጋሼ፣ ስሞቹን በቢሲሲ እናድርጋቸው፤ አንዱ የሌላውን ስም አያይም» አልኳቸው።

«ምን ሲባል? ወላሂ፣ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም!»

«ለአመልካቾቹ ብዬ ነው እንጂ…»

«ሹክሹክታ ነውር ነው፣ ልጄ። በግልጽ፣ ትልልቆቹን ከላይ አድርገሽ ላኪው።»

የሚደበቀው ነገር የእሳቸው አልነበረም እኮ! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ለሐጂ ቅያሜ የተጨነቁትን ያህል ለእነዚያ ምስኪን አመልካቾች ቢጨነቁ ምን ነበረበት? ምክንያቱን እንዳልነግራቸው የሐዋን ምስጢር ማውጣት ሆነብኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ ላክሁት።

ሐዋ ከቀትር በፊት ተባረረች። ነጭ ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ ክፍላችን በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ማን ነው የላከው?» አለችኝ።

«ጋሽ ኢስማኢል ናቸዋ!»

ዋስትናው ሲነሳባት ለፈተናው እንኳ ሳትቀመጥ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች። ጋሽ ኢስማኢል ሲሰሙ «ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው» አሉ። ቀደር! የእሳቸው ግትርነትና የእኔ ጣት ነው እንጂ።

ዛሬ ለክሊኒኩ የሚያቃጥል መልስ ጻፍኩ። «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ልጫን ስል አርባዎቹ ስሞች ከላይ ተደርድረው አየኋቸው። እጄን ሰበሰብኩ። የክሊኒኩን ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁና ላክሁት።

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ለካ የተናደድኩት በክሊኒኩ ብቻ አልነበረም። ሐዋ ድሬዳዋ ልጆቿን አሳድጋ፣ እስካሁን በየዒዱ እንኳን አደረሰሽ ትለኛለች። አዲስ ኢሜይል ከፈትኩ። በተቀባዩ ቦታ የእሷን ስም ብቻ አስገባሁ፤ ግልባጭ ለማንም የለውም። «ሐዋዬ፣ ያን ቀን የላክሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ።